ዳዊት እየደገምኩ ለምን እፈራለሁ?

ጥያቄ

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ ነው። የ30 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ጂቡቲ ይመላለሳል። እሱ ከቤት ከወጣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። ስልኬን ይዤ ነው የማነጋው። ድንበሩ ላይ ያለችውን ደወሌን ካለፈ በኋላ ስልኩ ስለማይሠራ ያን ጊዜማ ልቤ ልትወጣ ትደርሳለች። በዚያ ላይ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ዘይቱም ምኑም አልቀመስ አለ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። የ1998ቱ ጎርፍ ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ቤታችን ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነበር። እኛ ተረፍን፣ አክስቴን ግን ወሰዳት። አሁን የምኖረው ሳቢያን ነው። ቢሆንም ከበላያችን ባለው ደጋ፣ ደንገጎ ላይ ደመና ሲጠቁር እጄ ይንቀጠቀጣል። ትልቋ ልጄ 8 ዓመቷ ነው። እሷም እኔን እያየች ዝናብ ሲመጣ ማልቀስ ጀምራለች።

ማታ ማታ መዝሙር 90ን እደግማለሁ። ‹በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም› የሚለው ላይ ስደርስ አክስቴ ትመጣብኛለች። እሷም እኮ ዳዊት ትደግም ነበር። ይህን በጽዋ ማኅበራችን ባወራ፣ አንዲት እህት ‹ፍርሃት የእምነት ማነስ ነው› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን ትቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድም እያፈርኩ ነው። እምነት ካለኝ ለምን እፈራለሁ? ባለቤቴንስ ሥራውን ተው ልበለው? የድሬዋ እናት ነኝ።»

መልስ

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። እኔ ግን ከአክስትሽ ልጀምር። ሌላው ሁሉ እሷ ጋ የሚያርፍ ይመስለኛል። ስለ ኪራዩም፣ ስለ መንገዱም፣ ስለ ደመናውም የምትፈሪው ፍርሃት ሥሩ አንድ ነው፤ «እሷን ካልጠበቀ እኛን ለምን ይጠብቃል?» የሚል። ይህን በግልጽ አልጻፍሽውም። እዚያች መስመር ላይ ስትደርሺ ምላስሽ የሚታሰረው ግን ለዚህ ነው። ጥያቄው ከልብ የወጣ ጥያቄ ነው። አያሳፍርም፣ እግዚአብሔርንም አያስቀይምም።

ያን ሌሊት ድሬ አትረሳውም። ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል ነበር። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነው፤ ጎርፉ ከተማ የገባው ሰው በተኛበት ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከሞቱት መካከል ዳዊት የሚደግሙ ነበሩ፣ ቁርኣን የሚቀሩ ነበሩ፣ ክፉና ደግ ያልለዩ ሕፃናት ነበሩ። የተረፈው ሰው እምነቱ ከሟቹ ስለበለጠ አይደለም የተረፈው። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው።

ጌታችን ራሱ ይህን ጉዳይ አንስቶታል። በሰሊሆም ግንብ ተደርምሶ 18 ሰዎች ሞተው ነበር። ሉቃስ 13 ላይ ታገኚዋለሽ። ሰዉ ያኔም እንደ ዛሬው «ምን አድርገው ይሆን?» ይል ነበር። ጌታ ግን «በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋል? አይደለም» አላቸው። በግልጽ «አይደለም» ነው ያለው። ስለዚህ አክስትሽ የሞተችው ጸሎቷ ስላልተሰማ ነው ብለሽ የያዝሽውን ሐሳብ ዛሬ አስቀምጪው። ለምን እንደሞተች አላውቅም። የሚያውቅም ሰው የለም። እግዚአብሔር ጥሏት እንዳልሞተች ግን አምናለሁ።

አሁን መዝሙሩን እንደገና እናንብበው። በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 91ኛ ተብሎ ተቆጥሯል፣ ያው ነው። አብዛኛዎቻችን «ወደ አንተ ግን አይቀርብም» የሚለው ላይ እንጠነክርና መጨረሻውን በፍጥነት እናልፈዋለን። ቁጥር 15 እንዲህ ይላል፦ «ይጠራኛል እመልስለትማለሁ፥ በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ።» መዝሙሩ ራሱ በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሰው መከራ እንደሚያገኘው ያውቃል ማለት ነው። ቃል የተገባልሽ መከራ በደጅሽ ዝር እንደማይል አይደለም። መከራው ቢመጣ፣ እዚያው ውስጥ ከአንቺ ጋር የሚሆን አምላክ እንዳለሽ ነው።

ይህ እኔ የፈለሰፍኩት ማለዘቢያ እንዳይመስልሽ። በወንጌል ውስጥ ይህንኑ መዝሙር «ምንም አይነካህም» በሚል ስሜት የጠቀሰው ዲያብሎስ ነው። ማቴዎስ 4ን እይው። ጌታን ቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቆመውና «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዝልሃል ተብሎ ተጽፏልና ራስህን ወደ ታች ወርውር» አለው። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቱን ታውቂዋለሽ። ተርቧል፣ ተሰድቧል፣ ተሰቅሏል። አብ ግን አልተለየውም። መዝሙር 90 በእሱ ሕይወት ተፈጽሟል የምንለው እንዲህ ሆኖ ነው።

ቁልቢን ታውቂያለሽ፤ የድሬ ልጅ ሆኖ ቁልቢን የማያውቅ የለም። ታኅሣሥ 19 ያ ሁሉ ሕዝብ ዳገቱን የሚወጣው ለምንድን ነው? ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበትን ቀን ለማክበር ነው። ሰው ስለት ይዞ ይሄዳል፣ ልጅ ይለምናል፣ ጤና ይለምናል፤ ደስ ይላል። ግን እነዚያ ሦስት ወጣቶች እሳቱ ውስጥ ከመጣላቸው በፊት ለናቡከደነፆር የመለሱለትን መልስ አስቢው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለውም «እርሱ ባያድነን» እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉት። «ባያድነን» የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ነበር። ክፉውን ነገር አስበውታል፣ በቃላቸው ተናግረውታል፣ እምነታቸው ግን አልተናጋም። ይህን የምነግርሽ አንቺ «ባሌ ባይመለስስ?» ብለሽ ማሰብሽን እንደ ኃጢአት ስለቆጠርሽው ነው። ኃጢአት አይደለም። እንዲያውም ሐሳቡን እስከ መጨረሻው አስቢውና እዚያም መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር እንዳለ ለራስሽ ንገሪው። እሳቱ ውስጥ ከሦስቱ ሌላ አራተኛ የታየው እኮ ከተጣሉ በኋላ ነው።

ስለዚያች የማኅበር እህት ላንሳ። በክፋት የተናገረችው አይመስለኝም። ሆኖም ነገሩ አናዶኛል፤ እንዲህ ያለ ንግግር ስንቱን ሰው ከቤተ ክርስቲያን በር እንደመለሰ አውቃለሁና። ምናልባት ማርቆስ 4ን ትጠቅስልሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ ጌታ ማዕበሉን ጸጥ ካደረገ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን «ስለ ምን እንዲህ ትፈራላችሁ? እንዴትስ እምነት የላችሁም?» ብሏቸዋል። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በይው። መጀመሪያ እየጮኹ ቀሰቀሱት። «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» አሉት። ይህ የጨዋ ጸሎት አይደለም፣ ወቀሳ ነው። እሱ ግን ተነሣ፣ ነፋሱንም ገሠጸው። እምነታችሁ እስኪሞላ እጠብቃለሁ አላለም። ባላቸው ጥቂት እምነት አዳናቸው፣ ትምህርቱ ከዚያ ተከተለ። አንቺም በሌሊት «አይገድህም ወይ?» ለማለት ካማረሽ በይው። ዳዊትም «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሏል፤ ያንንም እንደ ሌላው መዝሙር እንደግመዋለን።

ደግሞስ ጌታ በጌቴሴማኒ አልተጨነቀም? ላቡ እንደ ደም ጠብታ እስኪወርድ ድረስ ተጨንቋል። «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ያለው እሱ ነው። ያን ለሊት ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ሄዶ «ከእኔ ጋር ትጉ» አላቸው። የእግዚአብሔር ልጅ በጭንቁ ሰዓት ሰው አጠገቡ እንዲሆን ፈለገ። አንቺ ግን በጭንቅሽ ሰዓት ማኅበርሽን ትተሽ ብቻሽን ቀረሽ። ይሄ ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። እባክሽ ተመለሺ። ለዚያች እህት መከራከሪያ ማዘጋጀት የለብሽም። «እፈራለሁ፣ ጸልዩልኝ» ብለሽ ተቀመጪ። እመኚኝ፣ እዚያ ከተቀመጡት ሴቶች ግማሾቹ አንቺ የምትፈሪውን ይፈራሉ፤ አውጥተው አልተናገሩትም እንጂ። ከንስሐ አባትሽም ጋር ተቀመጪ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አፈርኩ ያልሽውን እንዳለ ንገሪያቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው መንፈሳዊ አይመስልሽ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ነው። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ አውርዶ ነበር። ወዲያው ግን ኤልዛቤል ስትዝትበት ፈርቶ ሸሸ። በረሃ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ለመነ። መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም። እንጎቻ ጋግሮ፣ ውሃ አቅርቦ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ አሁንም ቀሰቀሰውና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። እግዚአብሔር ኤልያስን ያናገረው ከበላና ከተኛ በኋላ ነው። የደከመ ሥጋ ፍርሃትን ያገዝፈዋል፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ እንቅልፍሽን እንያዝ። ማታ ቡና ታፈያለሽ? የሐረርጌ ሰው ቡና አትጠጪ ቢባል እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ ሦስተኛውን ሲኒ ግን ከቀትር በፊት ጨርሽው። ስልክሽን ድምፁን ከፍ አድርገሽ ከአልጋሽ ራቅ አድርጊው። ቢደወል ትሰሚያለሽ። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን የመኪና አደጋ ቪዲዮ ግን እኩለ ሌሊት ላይ አትክፈቺ። አንድም የሚጠቅምሽ ነገር የለበትም። ከዚያ ይልቅ መዝሙሩን መጨረስ ሲያቅትሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይ፤ ቀስ ብለሽ፣ ከትንፋሽሽ ጋር። አባቶቻችን አርባ አንድ ጊዜ የሚሉት በከንቱ አይደለም። ልብ ይረጋል።

የእጅሽ መንቀጥቀጥና የእንቅልፍሽ ማጣት ሳምንታት ካስቆጠረ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂና ለሐኪም ንገሪ። በልጅነቱ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ድንጋጤው ሰውነቱ ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ዝናብ ሲመጣ የሚቀሰቀሰውም ለዚህ ነው። በንግግርም በመድኃኒትም የሚረዱ ባለሙያዎች አሉ። ጠበል እጠመቃለሁ ካልሽም ተጠመቂ፣ ሐኪሙን ግን አትተዪ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብረው ይላል፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና። ጾሙንም በተመለከተ ከታመምሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪበት፤ በራስሽ ላይ ብቻሽን አትፍረጂ።

የልጅሽን ነገር በተለይ እዪው። «ዝም በይ፣ ምንም የለም» አትበያት። የ8 ዓመት ልጅ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ እያየች ምንም የለም ስትባል የበለጠ ትፈራለች። «እማዬም ትፈራለች፤ ግን ዝናብ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን» በያት። ከዚያ በእውነት ምን እንደምታደርጉ አብራችሁ ወስኑ። ደጋው ሲጠቁር ደረቁን ወንዝ አንሻገርም፣ ድሬ ላይ ፀሐይ ቢሆንም። የልደት ካርዱና መታወቂያው በአንድ ቦርሳ ይቀመጣል። ባትሪው እዚህ ይሰቀላል። ማታ ከሆነ የምንሄደው እነ እገሌ ቤት ነው። ጎረቤቶችሽንም ንገሪያቸው። ድሬ ውስጥ ጎረቤት ሲጠራ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ያን ጊዜም ሰው ሰውን ሲያወጣ ማን መስጊድ ማን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እቅዱ ካለቀ በኋላ ልጅሽን ይዘሽ ጸልዩ። አጭር ጸሎት ይሁን፣ እሷም ትበል። የአክስትሽንም ስም በጸሎቱ ጥሩላት። አክስትሽ ለልጅሽ የጎርፍ ታሪክ ብቻ ሆና እንድትቀር አልፈልግም። ምን ታበስል እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቃት ንገሪያት።

የኑሮውን ጉዳይ እኔ በደብዳቤ ላቃልልልሽ አልችልም። ዋጋው ያስጨንቃል፤ የምትጨነቂው ስለማታምኚ አይደለም። ጌታ «ነገ ለራሱ ይጨነቃልና ለነገ አትጨነቁ፤ ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ሲል ቀኑ ክፋት እንዳለው አልካደም። የዛሬውን ዛሬ ያዢ ነው ያለው። አባታችን ሆይ ላይም የምንለምነው የዕለት እንጀራችንን ነው። ስለዚህ ኪራዩን ሌሊት አታስቢው። ባለቤትሽ ሲመጣ ቀን ላይ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል፣ የትኛው እቁብ ይቆይ፣ የትኛው ይቅር። እድራችሁን ግን እንዳታቋርጡ። የወሩ ገንዘብ ሲከብድ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ደጃፋችሁ የሚደርሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ስልኩ ድንበር ሲሻገር እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ዝምታውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ደወሌ ሲደርስ፣ ከመሻገሩ በፊት ይደውል። «እስከ ነገ ማታ ድረስ ላልደውል እችላለሁ» ይበልሽ። ያን ጊዜ ዝምታው የተነጋገራችሁበት ዝምታ ይሆናል፣ ልብሽም ሌላ ትርጉም አይፈልግለትም። ከቻለ አብሮት የሚጓዝ አንድ ሹፌር ቁጥርም ይስጥሽ። ሲወጣ ደግሞ በር ላይ ቆማችሁ አብራችሁ ጸልዩ። አባታችን ሆይ በቂ ነው፤ ልጆቹም ይስሙ።

ሥራውን ተው ልበለው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አሁን አትበዪው። በሌሊት ፍርሃት የተወሰነ ነገር ቀን ላይ ያስቆጫል። ሥራውን ቢተው ኪራዩ የት ይገባል? እሱም ሊወጣ ቁልፉን በያዘበት ሰዓት «እባክህ ቅር» ብትዪው ሐሳቡ ተከፍሎ ነው የሚነዳው፤ ያ ለመንገድ አይሆንም። ሆኖም ጉዳዩ ለዘላለም አይነሣ ማለቴ አይደለም። ድሬ ውስጥ የሹፌር ሥራ ሌላም አለ፣ ከተማ ውስጥ የሚነዳም አለ። ገቢው ያንስ ይሆናል፣ ግን ሊታሰብበት ይችላል። ጊዜው ሲመጣ፣ አርፎ፣ በልቶ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንሺው። መጀመሪያ ግን ስለ አንቺ ፍርሃት አታውሪው። እሱን ጠይቂው። «አንተስ መንገድ ላይ የምትፈራው ምንድን ነው?» በይው። ለዓመታት ያን መንገድ የሚመላለስ ሰው የሚፈራው ነገር አይጠፋም፤ እንዳትጨነቂ ብሎ ዝም ብሎ ይሆናል። ሲነግርሽ አታቋርጪው፣ አታጽናኚውም፤ እስኪጨርስ ስሚው። ከዚያ የሥራውን ነገር አብራችሁ ታወሩታላችሁ።